ዴልታው አረንጓዴ ሆኖ ዋጋው ለምን ይወርዳል? ኦርደር ፍሎው ማንበብን ስለመማር

ጥያቄ፦ «ኢ-ሚኒ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ፊውቸርስ (የትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ኢንዴክስ የሚከተል የወደፊት ውል) ላይ ዴይ ትሬድ አደርጋለሁ፤ በገባሁበት ቀን እወጣለሁ። ቻርት ብቻውን አልበቃ ሲለኝ ዶም (በየዋጋው የተቀመጡትን ትዕዛዞች የሚያሳይ ሰሌዳ) እና ፉትፕሪንት (በየዋጋው የተፈጸመውን ግዢና ሽያጭ በቁጥር የሚያሳይ ቻርት) ከፈትኩ። ቁጥሮቹ ይሮጣሉ፣ ዓይኔ ይፈዛል። ዴልታው አረንጓዴ ሲሆን እገዛለሁ፣ ዋጋው ይወርዳል። ዶሙ ላይ ትልቅ ገዢ አይቼ ከፊቱ እገባለሁ፣ ገዢው ይጠፋል። ይህን ኦርደር ፍሎው (የግዢና የሽያጭ ትዕዛዞች ፍሰት) ማንበብ የሚባል ነገር ሰው በትክክል የሚማረው እንዴት ነው? የተቋማትን ትዕዛዝ አሳያለሁ የሚል ኮርስ አለ፤ እሱንስ ልግዛ?»

ምላሽ፦

ከዴልታው ልጀምር። እሱ ከተፈታ ሌላው ግማሹ አብሮ ይፈታል።

ዴልታ ማለት በማርኬት ኦርደር (ባለው ዋጋ አሁኑኑ በሚፈጸም ትዕዛዝ) ከተገዛው ኮንትራት ላይ በማርኬት ኦርደር የተሸጠውን ስትቀንስ የሚቀርህ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 900 ኮንትራት አስኩ (ሻጮች የጠየቁት ዋጋ) ላይ ተገዛ፣ 600 ደግሞ ቢዱ (ገዢዎች ያቀረቡት ዋጋ) ላይ ተሸጠ እንበል። ዴልታው ፖዘቲቭ 300 ይሆናል። ፉትፕሪንቱ አረንጓዴ ይቀባልሃል፣ አንተም «ገዢ በዛ» ብለህ ትገባለህ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በዚያች ደቂቃ የተገዛው 1,500 ኮንትራት ነው፤ የተሸጠውም ያው 1,500 ነው። ከእያንዳንዱ ገዢ ፊት አንድ ሻጭ ቆሟል። ዴልታ የሚነግርህ ማን እንደቸኮለ ብቻ ነው።

ገበያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ አሁኑኑ ይሁንልኝ ብሎ ማርኬት ኦርደር ይልካል። ሌላው ዋጋውን አስቀምጦ በሊሚት ኦርደር ይጠብቃል። ዋጋ ወደ ላይ የሚሄደው ቸኳዮቹ ገዢዎች አንድ ዋጋ ላይ የተቀመጠውን ሽያጭ በልተው ሲጨርሱ ነው። ወይም ጠባቂዎቹ ሻጮች ትዕዛዛቸውን ሲያነሱ ነው። ሌላ መንገድ የለም። እንግዲህ ዴልታው አረንጓዴ ሆኖ ዋጋው ካልወጣ፣ ያልተበላና ያልተነሳ ሻጭ ፊት ለፊት ተቀምጧል ማለት ነው። የቸኮሉት ገዢዎች ከላይ ገዝተው ተይዘዋል። ሲጨንቃቸው መውጫቸው መሸጥ ነው። አንተ አረንጓዴ አይተህ የገዛኸው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከተያዙት ጋር ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ዴልታን ብቻውን አትመልከተው። ሁልጊዜ ሁለት ነገር አጣምረህ ጠይቅ፦ ምን ያህል ተገፋ? ዋጋውስ ምን ያህል ሄደ? ብዙ ተገፍቶ ብዙ ከሄደ፣ ጤናማ ጉዞ ነው፤ ተቃራኒው ላይ አትቁም። ትንሽ ተገፍቶ ብዙ ከሄደ፣ ጠባቂው ሸሽቷል። ብዙ ተገፍቶ ምንም ካልሄደ ግን ግፊቱና ዋጋው ሆድና ጀርባ ሆነዋል፤ ዓይንህን መክፈት ያለብህ ያኔ ነው። ለእኔ ኦርደር ፍሎው ማንበብ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው። ኢምባላንስ (የአንዱ ወገን ግፊት ከሌላው በጣም ሲበልጥ) ምናምን የሚባሉት የፉትፕሪንቱ ባለቀለም ሳጥኖች ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ የሚጠይቁ ናቸው።

ግን የት? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግጭት በቀን ውስጥ መቶ ጊዜ ይታያል፣ አብዛኛው ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚኖረው ሌሎችም የሚያዩት ዋጋ ላይ ሲሆን ነው፦ የትላንቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ፣ የሌሊቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ፣ የመክፈቻው ዋጋ፣ ትላንት ከፍተኛ ቮሊዩም (የግብይት መጠን) የተሠራበት ቦታ። ቦታውን ገበያው ከመከፈቱ በፊት ጻፈው። ኦርደር ፍሎው ቦታ አይመርጥልህም፤ በመረጥከው ቦታ ላይ ለጠየቅከው ጥያቄ መልስ ይሰጥሃል።

በምሳሌ እንየው። የትላንቱ ዝቅተኛ ዋጋ 6,000 ነበር እንበል። ዛሬ ዋጋው ከ6,012 ጀምሮ እየወረደ 6,000.50 ደረሰ። ዶሙ 6,000 ላይ 150 ኮንትራት ቢድ ያሳያል። ሻጮቹ መምታት ጀመሩ፣ ቴፑ (የተፈጸሙ ግብይቶች ዝርዝር) ቀላ። ያ 150 ወዲያው ማለቅ ነበረበት። ግን 400 ተሸጠበት፣ ቢዱ አሁንም 120 ያሳያል። 900 ተሸጠ፣ ቢዱ 140 ነው። ለአፍታ 5,999.75 ታየ፣ እዚያም 300 ተሸጠና ዋጋው ተመለሰ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ1,200 በላይ ኮንትራት በችኮላ ተሸጦ ዋጋው ከ6,000 በታች የወረደው አንድ ቲክ (ትንሿ የዋጋ እርምጃ፣ 0.25 ነጥብ) ብቻ ነው። አብዞርፕሽን የምንለው ይህን ነው። ከጀርባው ብዙ ጊዜ አይስበርግ አለ፤ ማለትም ትልቅ ትዕዛዝ ሆኖ ለገበያው ጥቂቱን ብቻ የሚያሳይ፣ ያ ሲበላ ሌላ ጥቂት የሚያወጣ። ወይም ደግሞ ብዙ የተለያዩ ገዢዎች ናቸው። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የግድ አያስፈልግህም።

ታዲያ እዚህ ትገዛለህ? ገና ነህ። ያ ገዢ የሚፈልገውን ጨርሶ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ ዋጋው በባዶ ሜዳ ይወርዳል። መጠበቅ ያለብህ ሻጮቹ እስኪደክሙ ነው። ቢዱ ላይ የሚመታው ቁጥር ይሳሳል። ከዚያ 6,000.75፣ 6,001፣ 6,001.25 ላይ ያለው አስክ ብዙ ግፊት ሳይፈልግ መበላት ይጀምራል። ዋጋው 6,002.50 ደርሶ ወደ 6,001 ሲመለስ፣ ሻጩ ከቅድሙ በጣም አንሶ ከታየ፣ አሁን ግባ። ስቶፕህ (ከተሳሳትክ የሚያስወጣህ ትዕዛዝ) 5,999 ይሁን። የከፈልከው ስጋት 2 ነጥብ ነው። በኢ-ሚኒው አንድ ነጥብ 50 ዶላር ስለሆነ 100 ዶላር፣ በማይክሮው (በትንሹ ኮንትራት) አንድ ነጥብ 5 ዶላር ስለሆነ 10 ዶላር ማለት ነው።

ዋጋው ተመልሶ 5,999.75 ቢደርስና ያ ግትር ቢድ ከነአካቴው ጠፍቶ ብታገኘውስ? ስቶፕህ እስኪመታ አትጠብቅ፣ ውጣ። የገባህበት ምክንያት የለም። በቻርት ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የኦርደር ፍሎው ትልቁ ጥቅም እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ መግቢያ ከማሳየት ይልቅ መሳሳትህን ቶሎ ይነግርሃል።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ከትላንቱ ዝቅተኛ በታች የብዙ ሰው ስቶፕ ሎስ ተኮልኩሏል። የሽያጭ ስቶፕ ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ ማርኬት ኦርደር ሆኖ ነው የሚተኮሰው። ስለዚህ ዋጋው 5,998 ሲነካ ዴልታው በኃይል ይቀላል። ቴፑን ያየ ጀማሪ «አሁን ሻጭ መጣ» ይላል። ግን ያ ሽያጭ የአዲስ ሻጭ ላይሆን ይችላል፤ ገዝተው የነበሩ ሰዎች ተገደው እየወጡ ነው። የሚወጣው ሲያልቅ የሚሸጥ አይኖርም። አንዱ ቀይ ቁጥር ሁለት ታሪክ አለው። የሚለየው ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ሰከንዶች ነው፦ አዲስ ሻጭ ከሆነ ዋጋው ወርዶ ከታች ይቆያል፣ የስቶፕ ጠረጋ ከሆነ ቶሎ 6,000 ላይ ተመልሶ ይገኛል።

ከዴልታ ሌላ ቮሊዩምም እንዳያታልልህ። ለዚህ ከሜይ 2010ሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፍላሽ ክራሽ፣ ማለትም ከቅጽበታዊው የዋጋ መውደቅ፣ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሜይ 6 ቀን አንድ ትልቅ ሻጭ 75,000 የኢ-ሚኒ ኮንትራት፣ በገንዘብ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በአልጎሪዝም መሸጥ ጀመረ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ባወጡት ሪፖርት ላይ አንድ የሚያስደንቅ ቁጥር አለ። በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ ከ2፡45፡13 እስከ 2፡45፡27 ባሉት 14 ሰከንዶች ፈጣን አልጎሪዝሞች ከ27,000 ኮንትራት በላይ አገላበጡ። ከጠቅላላው ቮሊዩም 49 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ግን በተጣራ ስሌት የገዙት 200 ኮንትራት ያህል ብቻ ነበር። እርስ በርስ ትኩስ ነገር እንደሚቀባበሉ ሰዎች ይወራወሩት ነበር። በተመሳሳይ ጊዜ በገዢው በኩል የተቀመጠው ትዕዛዝ ጠዋት ከነበረው 1 በመቶ እንኳ አልሞላም፣ 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። 2፡45፡28 ላይ የሲኤምኢ (ኢ-ሚኒው የሚገበያይበት የቺካጎ ገበያ) አሠራር ግብይቱን ለ5 ሰከንድ አቆመው፣ ከዚያ ዋጋው ማገገም ጀመረ። አየህ፣ ቮሊዩሙ ሰማይ ነክቷል፣ እውነተኛ ገዢ ግን የለም። ዋጋውን ያወረደው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂው ገዢ መነሳቱም ነው።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታህ እንምጣ፣ ስለሚጠፋው ትልቅ ገዢ። ዶሙ ላይ የምታየው ቁጥር ቃል ኪዳን አይደለም። ላኪው በፈለገ ሰዓት ያነሳዋል። በተለይ ከዋጋው አራት አምስት ቲክ ርቆ የተቀመጠ ግዙፍ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከነጭራሹ እንዲፈጸም ያልታሰበም ሊሆን ይችላል። ስፑፊንግ ይባላል፤ ሌላውን ለማስፈራራት ወይም ለማማለል ትልቅ ትዕዛዝ አስቀምጦ ሊነካ ሲል ማንሳት ነው። በአሜሪካ ከ2010ሩ የዶድ ፍራንክ ሕግ ወዲህ በግልጽ ተከልክሏል። ናቪንደር ሳራኦ የሚባል ሰው ምዕራብ ለንደን ውስጥ ከወላጆቹ ቤት ሆኖ በዚሁ በኢ-ሚኒ ላይ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። በ2016 ጥፋተኝነቱን አመነ፣ በ2020 የአንድ ዓመት የቤት ውስጥ እገዳ ተፈረደበት። ዛሬ ቁጥጥሩ ጠብቋል፤ ቢሆንም በሕጋዊ ምክንያት የሚነሳ ትዕዛዝ ራሱ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ሚዛንህን ቀይረው። የተቀመጠውን ቁጥር ለጠቋሚነት ያህል ተመልከት፤ እምነትህን ግን የተፈጸመው ላይ አድርግ። የተፈጸመ ግብይት ተመልሶ አይነሳም። ቢዱ ላይ 800 ተቀምጦ ከምታይ፣ 800 ተሸጦበት ያልተነቃነቀ ቢድ ብታይ ይሻላል።

ሌላም ገደብ አለ። ትልቅ ሽያጭ ያየህ ጊዜ ሻጩ ገበያው ይወርዳል ብሎ ላይሆን ይችላል። አክሲዮን ገዝቶ በፊውቸርሱ ስጋቱን እየሸፈነ ይሆናል። የኦፕሽን ነጋዴ ሚዛኑን እያስተካከለ ይሆናል። በኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በሚገበያይ ፈንድ) እና በፊውቸርስ መካከል ያለችውን ትንሽ የዋጋ ልዩነት እየለቀመ ይሆናል። ኢንዴክስ ፊውቸርስ ላይ ይህ በጣም ብዙ ነው። «ተቋማቱ ምን አሰቡ» የሚለውን ጥያቄ ተወው። ምን አደረጉ፣ ዋጋውስ ምን ሆነ የሚለው ይበቃሃል።

አሁን ስለመማሩ። ዓይንህ የሚፈዘው ሁሉንም ስለምታይ ነው። ፉትፕሪንቱን ለጊዜው ዝጋው። አንድ ተራ ቻርትና አንድ ዶም ይበቃል፤ ዶሙ ላይ በየዋጋው የተፈጸመውን ግዢና ሽያጭ የሚቆጥሩት ሁለት ዓምዶች ይኑሩ። ፉትፕሪንቱን ገበያው ከተዘጋ በኋላ ለክለሳ ክፈተው፣ እዚያ በጣም ይጠቅማል።

ብዙዎች ከመክፈቻው፣ ከኒው ዮርክ ጠዋት 9፡30 ጀምር ይሉሃል። እኔ አልስማማም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለጀማሪ ዓይን ከመጠን በላይ ይፈጥናል። ከ10፡30 በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ያዝ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ሰዓት። ምክንያቱም በየሰዓቱ «ብዙ» የሚባለው ቁጥር የተለያየ ነው። በመክፈቻው 500 ኮንትራት ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ሌሊት ግን ትልቅ ወሬ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ከቆየህ የዚያን ሰዓት የተለመደ መጠን ዓይንህ ይለምደዋል፣ ያልተለመደው ሲመጣ ሳትቆጥር ታውቀዋለህ። የዋጋ ግሽበትና የሥራ ቅጥር መረጃ በ8፡30 ሲወጣ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ የወለድ ውሳኔውን ከሰዓት 2፡00 ሲያሳውቅ፣ እጅህን ሰብስብ። በእነዚያ ደቂቃዎች ጠባቂዎቹ ትዕዛዛቸውን ስለሚያነሱ ዶሙ ባዶ ነው፣ የሚነበብ ነገር የለም።

ከዚያ ሳትነግድ አንብብ። ዋጋው ከጻፍካቸው ቦታዎች አንዱ ጋ ሲደርስ ብቻ ዶሙን ተመልከት፣ ሌላውን ጊዜ ተወው። የተገፋውን ጻፍ፣ የሄደውን ጻፍ፣ ግምትህን ጻፍ። ግምቱን ውጤቱ ሳይታወቅ መጻፍህ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ አእምሮህ በኋላ «አውቄው ነበር» ይልሃል። ከአምስትና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ዋጋው የት እንደደረሰ ሙላ። ሃምሳ ያህል ሲጠራቀምልህ ቁጭ ብለህ ቁጠር። የትኛው ዓይነት ቦታ ላይ ግምትህ እንደሚሠራ፣ የትኛው ላይ እንደማይሠራ ይታይሃል። እኔ ይህን ከነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ መጻፉን ይዘሉታል፣ ስለሚሰለች። የሚያድጉት ግን የሚጽፉት ናቸው። ሪፕሌይም (ያለፈን ገበያ መልሶ ማጫወት) ተጠቀም፣ ግን የዶሙን ጥልቀት ጭምር መዝግቦ የሚያጫውት ፕላትፎርም መሆኑን አረጋግጥ።

ስታነብ ኢ-ሚኒውን አንብብ፣ ስትነግድ በማይክሮው ነግድ። በ2019 የመጣው ማይክሮ የኢ-ሚኒው አሥረኛ ነው፤ አንድ ቲክ በኢ-ሚኒው 12.50 ዶላር፣ በማይክሮው 1.25 ዶላር ነው። ሁለቱ ዋጋ አብረው ነው የሚሄዱት፣ ዋናው ግፊት የሚታየው ግን በትልቁ ላይ ነው። ናስዳክ 100ን ለጊዜው ተወው። ዶሙ ስስ ነው፣ ዋጋው ይዘላል፤ አብዞርፕሽን በግልጽ ለማየት ወፍራም ገበያ ያስፈልግሃል። በማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ሦስተኛ ዓርብ ኮንትራቱ ስለሚያልቅ፣ ቮሊዩሙ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ወደሚቀጥለው ኮንትራት እንደሚሸጋገር አትርሳ። አሮጌው ላይ ተቀምጦ «ዛሬ ገበያው ሞቷል» የሚል ሰው አይጠፋም።

በነገራችን ላይ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ዩኤስ 500 የሚባለውን ሲኤፍዲ (ከብሮከሩ ጋር በዋጋ ልዩነት ላይ የሚደረግ ውል) በኤምቲ 5 ፕላትፎርም የሚነግዱ ከሆነ፣ እዚያ የሚታየው ቮሊዩም ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚቆጥር እንጂ የተፈጸመ ኮንትራት አይደለም። በእሱ ላይ የሚሠራ ዴልታ ግምት ነው። እውነተኛውን ለማየት የሲኤምኢን ዳታ በወርሃዊ ክፍያ መውሰድ ግድ ነው።

ወደ ዴሞ (ያለ እውነተኛ ገንዘብ መለማመጃ) ስትገባ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቅ። ብዙ ዴሞ ዋጋው ሊሚት ኦርደርህን ገና ሲነካው «ተፈጽሟል» ይልሃል። በእውነተኛው ገበያ ኢ-ሚኒው ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል በሚል ተራ ነው የሚሠራው። ከፊትህ 200 ኮንትራት ካለ፣ 200ው ሳይሞላ አንተ ጋ አይደርስም። ውጤቱ ይገርማል፦ ዋጋው ነክቶህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ሲሄድ አንተ አልገባህም፣ በላይህ ላይ አልፎ ሲሄድ ግን ሁልጊዜ ገብተሃል። ስለዚህ ዴሞ ላይ ዋጋው ሊሚትህን ቢያንስ በአንድ ቲክ ካላለፈው አልተሞላም ብለህ ቁጠር። ወጪውንም አስላ። ማይክሮ ላይ አራት ቲክ ብታገኝ 5 ዶላር ነው። ኮሚሽኑ ደርሶ መልስ 1 ዶላር ቢሆን አንድ አምስተኛው ሄደ። በማርኬት ገብተህ በማርኬት ከወጣህ ደግሞ አንድ ቲክ ለስፕሬዱ (በቢድና በአስክ መካከል ላለው ልዩነት) ቀንስ። ለዚህ ነው አራት አምስት ቲክ የሚለቅመውን አጫጭር ንግድ ለጀማሪ የማልመክረው። ንባቡ ትክክል ሆኖ ሂሳቡ ሊያከስርህ ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ስጋቱ 8 ቲክ ነው፤ ዒላማውም ቢያንስ ከዚያ እጥፍ የሚርቅ ቦታ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ተምሬ እኖርበታለሁ ወይ ካልክ፣ ያለውን እውነት ልንገርህ። ብራዚል ውስጥ ተመራማሪዎች ከ2013 እስከ 2015 በሚኒ ኢንዴክስ ፊውቸርስ ዴይ ትሬድ የጀመሩትን ሰዎች ተከታተሉ። ከ300 ቀን በላይ ከገፉት መካከል 97 በመቶው ገንዘብ አጥተዋል። ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ ያገኙት 1.1 በመቶ ብቻ ናቸው። የነገዱት እንዳንተ በኢንዴክስ ፊውቸርስ ነው። ሌላ ገቢ ይኑርህ፤ የቀን ኪሳራ ጣሪያህን ብሮከርህ ጋ በሲስተም አስቆልፈው፣ በራስህ ቁርጠኝነት ላይ አትተው።

ኮርሱን በተመለከተ፣ አትግዛ። ሲኤምኢ የሚልከው መረጃ ዋጋ፣ መጠን፣ ሰዓትና ቸኳዩ ማን እንደነበር ነው። የትዕዛዙ ባለቤት ባንክ ይሁን፣ ፈንድ ይሁን፣ አንተ ብጤ ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ አይገልጽም። ትላልቆቹም ትዕዛዛቸውን ቆራርሰው ስለሚልኩ በመጠን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። «የተቋማት ትዕዛዝ» ብሎ ቀለም የሚቀባ ሶፍትዌር ትልልቅ ቁጥሮችን አጣርቶ የሚያሳይ ማጣሪያ ነው፤ ያ ማጣሪያ ደግሞ አሁን ከፍለህ በምትጠቀምበት ፕላትፎርም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ፈልገው።